ጆሯቸው ስለከበደ ሬዚደንቶች (የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች) ኢንሰርቪስ (የሥራ ላይ ስልጠና) ስጪ ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?

የማለዳ ሺፍት (ሜሪላንድ) · ሰኞ ምሽት

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ መድረክ ላይ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ስሠራ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። (ከሜሪላንድ ውጭ ላላችሁ፦ ነርሲንግ ሆም የሚሠራ ሲ ኤን ኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ እኛ ጋ ጂ ኤን ኤ ነው የሚባለው፤ ሥራው ያው ነው።) ባለፈው ሳምንት የስልጠና ኃላፊያችን ጠርታኝ «አዲስ ለተቀጠሩት ስለ መስማት ችግር የግማሽ ሰዓት ኢንሰርቪስ አንቺ ትሰጫለሽ» አለችኝ። ለምን እኔ ብላት «ሳጥኑን ያገኘሽው አንቺ ነሻ!» አለችና ሳቀች።

የሳጥኑ ነገር እንዲህ ነው። ዘጠና ያለፋቸው አዛውንት ከሆስፒታል መጡልን። ወረቀታቸው ላይ «ግራ ይጋባሉ፣ እንክብካቤ አይቀበሉም» ይላል። ሻወር ሲባሉ ዝም። ምሳ ሲባሉ ፈገግ ብለው «የስ፣ የስ»፤ ሳህኑን ግን አይነኩትም። አክቲቪቲ ክፍል ወስደን ስናስቀምጣቸው ያንቀላፋሉ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ፤ እኔም በየቀኑ ኮምፒውተሩ ላይ «እምቢ አሉ» የምትለዋን ስጫን ከረምኩ። አንድ ጠዋት መሳቢያቸውን ሳስተካክል በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ ሳጥን አገኘሁ። ውስጧ ሁለት የጆሮ መሣሪያ። ባትሪው አልቋል፣ የአንደኛው ጫፍ በኩክ ተደፍኗል። ለነርሷ አሳየኋት፤ ባትሪ ተፈለገ፣ ኩኩ ተጠረገ፣ ጆሯቸው ላይ ተደረገ። መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው ነገር፦ «የዚያን ሰውዬ ቴሌቪዥን ማን ይቀንስልኝ?»

የክፍል ጓደኛቸውን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አፋቸው አልተዘጋም፤ ሻወሩንም በቀጠሮ ነው የሚገቡት።

እና አሁን ምን ላስተምር? የፌዴራሉ ሕግ ለነርስ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ስልጠና ይጠይቃል። እኔ ስማር ከዚያ ሁሉ ሰዓት ለጆሮ የደረሰው አንድ ገጽ ነበር፣ እሱም «በግልጽ ተናገሩ» ይላል። ከአዲሶቹ ሰባት ሠራተኞች አራቱ ሐበሾች ናቸውና እናንተን ልጠይቅ አልኩ። ሥራ ስትጀምሩ ማንም ያልነገራችሁ፣ ቢነገራችሁ ግን ይጠቅማችሁ የነበረ ነገር ምንድን ነው?

አዲስ ገቢ · ሰኞ ምሽት

እኔ ገና ፈተናው በሚቀጥለው ወር ነው። የማጠናው የስኪል ዝርዝር ላይ ዴንቸር (ሰው ሠራሽ ጥርስ) ማጠብ አለ፣ ጫማና ካልሲ ማልበስ አለ። የጆሮ መሣሪያ ግን እስካሁን አላየሁም። በእጄም ነክቼ አላውቅም። እየተከታተልኩ ነው።

የሌሊት ጠባቂ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) · ሰኞ ሌሊት

ስለ ሌሊቱ ንገሪያቸው እህቴ። ቀን ቀን መሣሪያው አለ፤ ሌሊት ሁሉም አውልቀው ነው የሚተኙት። አንተ በየሁለት ሰዓቱ ልታገላብጣቸው ትገባለህ። ጨለማ ነው፣ በሩን ስታንኳኳ አይሰሙህም፣ ስማቸውን ስትጠራ አይሰሙህም፤ ከዚያ ድንገት ከጀርባቸው አንድ እጅ ይመጣባቸዋል። እኔም ብሆን እማታለሁ።

አንዲት እናት መትተውኝ መነጽሬን ሰብረውታል። ሪፖርት ተጻፈ፣ «ተደባዳቢ ናቸው» ተባለ። ቆይታ አንዲት ፊሊፒኖ ባልደረባዬ አሳየችኝ። የአልጋውን ትንሿን መብራት ታበራለህ፤ ዞረህ በፊታቸው በኩል ትመጣለህ፤ እጃቸውን ቀስ ብለህ ትነካለህ፤ ዐይናቸው ዐይንህን እስኪያገኝ ትቆማለህ። ብርድ ልብሱን የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው። ደግመው አልመቱኝም። እንዲያውም ስገባ እጃቸውን ይዘረጉልኝ ጀመር።

ጉዞ ላይ · ማክሰኞ ጠዋት

ሁሉም ጥሩ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። ጠዋት 11 ሰው ይዤ ነው የምገባው፤ አንድ ሰው ኮል አውት ካደረገ (ደውሎ ከቀረ) 14። ሁሉም ከቁርስ በፊት ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ዊልቸር ላይ መቀመጥ አለበት። እኔ ቁጭ ብዬ የጆሮ መሣሪያ ስጠርግ ሌላው ረጥቦ ይጠብቀኛል። አንዲት ደንቆሮ ሴትዮ አለችኝ፤ ጮክ ብዬ አወራታለሁ፣ አለቀ። ኢንሰርቪስ ማለት ፈርመህ የምትወጣበት ወረቀት ነው። መጀመሪያ ሰው ይቅጠሩልን።

የማለዳ ሺፍት · ማክሰኞ ከሰዓት

ወንድሜ፣ በሰው እጥረቱ አልከራከርህም፤ እኔም እዚያው እሳት ውስጥ ነኝ። «ደንቆሮ» የምትለዋን ግን ተዋት። በቋንቋችን ስድብ ናት፤ ሴትዮዋ አማርኛ አለመስማታቸው አያድንህም።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ባትሪውን አይቶ፣ ጫፉን ጠርጎ፣ ጆሮ ላይ ማድረግ እጅ ከለመደ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኒያን አባት ሳይሰሙኝ ሻወር ለማስገባት ግን ሃያ ደቂቃ አባብያለሁ፤ ያውም ሳይሳካልኝ።

ሲስተር ቢሮ (ቨርጂኒያ) · ማክሰኞ ምሽት

እኔ ኤም ዲ ኤስ (የእያንዳንዱ ሬዚደንት ሁኔታ የሚመዘንበት ቅጽ) የምሞላ ነርስ ነኝ፤ ከወለሉ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ። ከወረቀቱ በኩል የሚታየኝን ልንገራችሁ፤ እናንተ ጋ ስለማይደርስ።

ቅጹ ላይ ክፍል ቢ አለ። ቢ0200 መስማት ነው፤ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ 0 ማለት «ደህና ይሰማሉ»፣ 3 ማለት «ክፉኛ ተጎድቷል»። ቢ0300 ደግሞ መሣሪያ ይጠቀማሉ ወይ ይላል። የሚለካው ሰውየው መሣሪያ ካላቸው መሣሪያውን አድርገው ነው። እንግዲህ እኔ ቢሮዬ ውስጥ በር ዘግቼ፣ ጸጥ ባለበት፣ ፊት ለፊት አምስት ደቂቃ አወራቸዋለሁ። ደህና ይመልሱልኛል። 0 እሰጣለሁ። ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሳህን ሲንኳኳና ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ ምንም እንደማይሰሙ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ካልነገራችሁኝ ያ 0 እንደተጻፈ ይኖራል፤ ኬር ፕላኑም (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ላይ ስለ ጆሮ አንዲት መስመር አይገባም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የማስታወስ ፈተናው ነው። ቢምስ የሚባለው። ሦስት ቃል ይነገራቸዋል፣ «ሶክ፣ ብሉ፣ ቤድ»፤ መልሰው እንዲሉ ይጠየቃሉ፣ ቆይቶም እንደገና። ከ15 ነው የሚታረመው፣ 7 እና ከዚያ በታች ከባድ ችግር ይባላል። «ሶክ» የሚጀምርበት «ስ» ደግሞ ያረጀ ጆሮ ቀድሞ ከሚያጣቸው ድምፆች አንዱ ነው። ያልሰሙትን ቃል ከየት አምጥተው ያስታውሱ? ፈተናውን በጽሑፍ መስጠት ይፈቀዳል፤ ግን በጽሑፍ የሚግባቡ መሆናቸውን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እና ለአዲሶቹ አንድ ነገር ንገሪልኝ። «አልሰሙኝም» እና «እምቢ አሉ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያዋ ቁልፍ የለችም፣ አውቃለሁ። በአፍ ለነርስ ንገሩ።

በነገራችን ላይ ይህ የበጎ ፈቃድ ሥራ አይደለም። የፌዴራሉ ደንብ ተቋሙ ሬዚደንቱ የመስሚያ መሣሪያ እንዲያገኝ መርዳት፣ ቀጠሮ ማስያዝና መጓጓዣ ማመቻቸት አለበት ይላል። የስቴት ኢንስፔክተሮች ሲመጡ ኤፍ685 ብለው የሚጽፉት እሱን ነው። ኃላፊሽ ግማሽ ሰዓቱን ልትቀንስብሽ ካለች ይህቺን ቁጥር ጥሪባት። በዓመት 12 ሰዓት ስልጠና መስጠት እንደሆነ ግዴታቸው ነው፤ ከዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት አይበዛም።

የሴንት ፖሏ (ሚኒሶታ) · ማክሰኞ ሌሊት

ለአራቱ ሐበሾች ብቻ የሚሆን ነገር አለኝ። አሜሪካዊ አሠልጣኝ ይህን አይነግራቸውም፤ አያውቀውምና።

እኛ እንዴት ነው ያደግነው? ትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ዝቅ፣ አንገት ሰበር፣ ዐይን ወደ መሬት። ካፈርን እጃችን ወደ አፋችን ነው የሚሄደው። እናቴ «ትልቅ ሰው ፊት አትንጫጪ፣ አታፍጥጪ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩ ሰሞን ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው የሆነ እናት ተሰጡኝ፤ ጨዋ አስተማሪ የነበሩ። እኔም እንደ አያቴ አከበርኳቸው። ጎንበስ ብዬ፣ ዐይኔን ሰብሬ፣ በለሆሳስ «ማዳም፣ ልብስዎን ልቀይርልዎት?» እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለኃላፊዬ ምን ብለው ከሰሱኝ? «ይህቺ ልጅ ታጉተመትማለች፤ ፊቷን ትሰውርብኛለች፤ የምትጠላኝ ይመስለኛል።» ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ለካ እሳቸው የሚሰሙት በከንፈር ነው። እኔ ከንፈሬን ለወለሉ አሳያለሁ።

ሌላም አለ። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላት ነገር አለች አይደል? ለእኛ መልስ ናት። ለፈረንጅ ሽማግሌ ወይ ደንግጠሽ ነው፣ ወይ ጭራሽ አልመለስሽም። ጆሯቸው ለከበደማ ምንም የለችም፤ ድምፅ የላትማ! ስንት ጊዜ «አዎ» ብያቸው ሲጠብቁኝ እንደኖሩ እግዜር ይወቀው።

ቀስ በቀስ ተለወጥኩ። ወንበር ስቤ እቀመጥና ፊቴን በፊታቸው ትይዩ አደርጋለሁ። ከኋላዬ መስኮት ካለ ቦታ እቀይራለሁ፤ ብርሃኑ ከኋላ ሲሆን ፊቴ ጥላ ሆኖ ነው የሚታያቸው። መጀመሪያ ስማቸውን፣ ከዚያ ጉዳዩን ባንድ ቃል («ምሳ!»)፣ ከዚያ ጥያቄውን። ካልገባቸው ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ አልደግምም፤ በሌላ ቃል እለዋለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን ዐይን ለዐይን ማየቱ አባቴን በድፍረት እንደማፍጠጥ ሆኖ ከብዶኝ ነበር። ለልጆቹ ንገሪያቸው፦ እዚህ አክብሮት ማለት ፊትን ማሳየት ነው። ካልተነገራቸው ጨዋነታቸው ራሱ ያስከስሳቸዋል።

የሌሊት ጠባቂ · ረቡዕ ንጋት

የሴንት ፖሏ፣ ይህን ከዓመታት በፊት ብትጽፊልኝ ኖሮ። እኔ ደግሞ «አክሰንትህ አይገባኝም» ሲሉኝ ዘረኝነት ነው ብዬ ነበር የምቀየመው። አንዳንዴ ነውም፤ አልዋሽም። ግን ቆጠራ ጀመርኩ። ጆሯቸው ደህና ከሆኑት ሬዚደንቶች አንድም ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ያሉኝ ሁሉ ጆሯቸው የከበዳቸው ናቸው። ያ ጆሮ የለመደውን የአገሩን አነጋገር እንኳ በግምት እየሞላ ነው የሚሰማው፤ የእኔን ግን ከየት አምጥቶ ይገምት? ማስክ ሲጨመርበት ከንፈሩም ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ዋይት ቦርድና ወፍራም ጥቁር ማርከር ኪሴ ውስጥ ያዝኩ። «ባዝሩም?» ብዬ ጽፌ አሳያለሁ። ክርክሩ አለቀ።

ባትሪና ብሩሽ (ሲያትል) · ረቡዕ ጠዋት

እኔ ድሮ ሲ ኤን ኤ ነበርኩ፤ አሁን የኦዲዮሎጂ (የመስማት ሕክምና) ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ። ከነርሲንግ ሆም የሚመጡ መሣሪያዎች «ተበላሸ» ተብለው ነው የሚደርሱን፤ ብዙዎቹ ባትሪ ወይም ኩክ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ እቃውን ራሱን በእጃቸው አስይዣቸው። በስዕል አይሆንም።

ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ ጆሮ ነው፣ ሰማያዊው የግራ። ፈረንጆቹ «ሬድ፣ ራይት» ብለው ነው የሚያስታውሱት፤ ደስ ሲል በእኛም ቀይ ለቀኝ ነው፣ ሁለቱም በ«ቀ»። ባትሪ በቁጥርና በቀለም ይለያል፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። (የ675ን ሰማያዊ ከግራው ሰማያዊ ጋር እንዳያምታቱ። አንድ ሰው አምታትቶ አይቻለሁ።) ባትሪው በአየር ነው የሚሠራው፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ልጣፊ ከላጡ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ትተው ነው የሚያስገቡት። ልጣፊዋን አንስቶ መልሶ መለጠፍ ባትሪውን አያድነውም። ሌሊት የባትሪውን በር ከፍቶ ማሳደር ደግሞ እርጥበቱን ያወጣል፣ ባትሪውም ይቆጠባል። ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ መብራቷ በርታ እንደሆነ ማየት፤ ሶኬቱን ለቫኪዩም የሚነቅል ሰው አይጠፋም።

ይሠራል ወይስ አይሠራም? መዳፋችሁ ውስጥ ጨብጡት፤ ካፏጨ ሕያው ነው። አዲሶቹ አንዳንዴ ፉጨት ስለሚያፍኑ ባያፏጭም ሞቷል ብላችሁ አትፍረዱ። ጆሮ ላይ ሆኖ ካፏጨ ግን ወይ በደንብ አልገባም ወይ ጆሮው ውስጥ ኩክ ሞልቷል። ኩክ በአረጋውያን ላይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሦስት አንዱ በላይ ጆሮው ውስጥ የተትረፈረፈ ኩክ አለበት። እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ጥጥ ባለው እንጨት አትንኩት። ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። የእኛ ድርሻ የውጩን ጆሮ በጨርቅ መጥረግና ለነርስ መንገር ነው፤ ጠብታም ሆነ ማጠብ የእሷና የሐኪም ነው።

ውሃ የለም፣ አልኮል የለም፣ በደረቅ ብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ብቻ። ከሻወር በፊት ይወልቃል፣ ከፀጉር ስፕሬይ በፊት ይወልቃል።

አንድ የሚያስፈራ ነገር፦ ያለቀች ባትሪ ክኒን ትመስላለች። የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው አልጋ አጠገብ ካስቀመጣችኋት ልትዋጥ ትችላለች። ከተዋጠች ድንገተኛ ነው፤ «እስከ ጠዋት እንይ» የሚባል ነገር የለም።

ልጅ ለእናቷ (ዳላስ) · ረቡዕ ከሰዓት

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ፣ ይቅርታ። እኔ ነርሲንግ ሆም አልሠራም፤ እናቴ ከእኛ ጋር ናት፣ 79 ዓመቷ። ባለፈው «እማዬ፣ ሻይ ላምጣ?» ብላት «የምን ላም?» አለችኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ጮክ ስል ደግሞ «ለምን ትቆጪኛለሽ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ባትሪና ብሩሽ · ረቡዕ ምሽት

እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም፤ እንዲያውም ከኦዲዮሎጂ መጽሐፍ የተሻለ ምሳሌ ሰጠሽን። የእርጅና ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፦ «ሽ»፣ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ጥ»። «ል» እና «ም»፣ አናባቢዎቹም ይቀራሉ። እንግዲህ «ሻይ ላምጣ» ላይ «ሽ»ንና «ጣ»ን አንሺና የቀረውን አንብቢው፦ «...አይ ላም...»። እማማ በትክክል የሰሙትን ነው የመለሱልሽ። አእምሯቸው ደህና ነው።

ስትጮኺ ደግሞ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ የጠፋው ድምፅ እንደጠፋ ይቀራል። ፊትሽም የቁጣ ፊት ይሆናል፤ እሳቸው የሚያዩት እሱን ነው። ከመጮህ ቀስ ማለት።

መጀመሪያ ሐኪም ኩክ መሆን አለመሆኑን ይይላቸው። ከዚያ የመስማት ምርመራ። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላ፣ ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ የሆነ ሰው ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ ከክሊኒኩ በብዙ ይረክሳል። መደበኛው ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) የጆሮ መሣሪያ አይሸፍንምና ይህን እወቂ። ግን በድንገት ባንድ ቀን የጠፋ ጆሮ፣ ሕመም ወይም ፈሳሽ ያለበት፣ ወይም ባንድ ወገን ብቻ የከበደ ከሆነ ሱቅ ሳይሆን በቶሎ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

የአሽዶድ ልጅ (እስራኤል) · ረቡዕ ሌሊት

እዚህ የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ ከሬዚደንቶቹ መካከል በአማርኛ ብቻ የሚግባቡ አባቶችና እናቶች አሉን። አንዷን ለመስማት ምርመራ ይዣቸው ሄድኩ። የድምፁ ክፍል ደህና አለፈ። ከዚያ «ቃላቱን ድገሚ» ሲባል ቃላቱ ዕብራይስጥ ናቸው! እማማ ያልሰሙትን ይድገሙ ወይስ የማያውቁትን? ውጤቱ ዝቅ አለ፤ እኔ ባልናገር ኖሮ ፋይላቸው ውስጥ እንደዚያው ይገባ ነበር። ባለሙያዋ መልካም ሰው ስለነበረች ማስታወሻ ጻፈችበት። አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ነርስ ከአዲስ አበባ · ሐሙስ ጠዋት

እኛ ጋ የጆሮ መሣሪያ ያለው አረጋዊ ማየት ብርቅ ነው፤ ቢሆንም ልምዴን ላካፍል። ስቴቶስኮፑን ገልብጣችሁ የጆሮውን በኩል በእሳቸው ጆሮ ታደርጉና በክቡ በኩል ቀስ ብላችሁ ታወራላችሁ። በዝግታ፣ በዝቅታ፤ ከጮሃችሁ ያማቸዋል። አንድ አባት እንዲህ አድርጌ ስማቸውን ስጠይቃቸው «ከእነ አያቴ ልንገርህ?» አሉኝ።

የሌሊት ጠባቂ · ሐሙስ ጠዋት

😂 ዛሬ ሌሊት እሞክረዋለሁ። እኛ ጋ ፖኬት ቶከር የሚባል ማጉያ አለ፤ ማይክና የጆሮ ማዳመጫ ያለው፤ ግን ሁልጊዜ ነርሲንግ ስቴሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው።

ባልቲሞር የሕዝብ ጤና · ሐሙስ ከሰዓት

አንድ ጥናት ልጨምር፤ ኢንሰርቪስሽ ላይ ሰው ዝም ብሎ እንዲሰማሽ ያደርጋል። «አቺቭ» ይባላል፤ እዚሁ ጆንስ ሆፕኪንስ ባሉ ተመራማሪዎች የተመራ፣ በ2023 ላንሴት ላይ የወጣ። ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 ሰዎች ነበሩበት። በጠቅላላው ሲታይ በሦስት ዓመት ውስጥ መሣሪያው በአእምሮ መዳከም ላይ ልዩነት አላሳየም። የመርሳት አደጋቸው ከፍ ባሉት ሰዎች ላይ ግን መዳከሙን በ48 በመቶ አዘግይቶታል።

ሲስተር ቢሮ · ሐሙስ ምሽት

ጥሩ ጥናት ነው፤ ግን ተሳታፊዎቹ በየቤታቸው የሚኖሩ፣ አእምሯቸው ገና ያልተጎዳ ሰዎች ናቸው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ላሉት «መሣሪያ ካደረግሽላቸው መርሳታቸው ይቆማል» ብለን ለቤተሰብ ቃል እንዳንገባ። የእኔ ምክንያት ከዚያ ያንሳል፦ ሰውየው ሻወር ሲባሉ ሻወር መባሉን ይስሙ።

ጉዞ ላይ · ሐሙስ ምሽት

ማንም የማያነሳውን ላንሳ። መሣሪያው ሲጠፋ ማን ላይ ነው የሚወድቀው? እኛ ላይ። ከመኝታ ልብስ ጋር ላውንደሪ ሄደ፣ ከምሳ ትሪ ጋር ተጣለ፣ በናፕኪን ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፤ ልጅየው መጥቶ ጥንዱ በሺዎች ዶላር ነው ብሎ ሲጮህ የሚጠራው ሲ ኤን ኤው ነው። እውነቱን ልናገር? ብዙዎቻችን ሳጥን ውስጥ ቢቀር የምንመርጠው ለዚህ ነው። ከተቀመጠበት አይጠፋም።

የማለዳ ሺፍት · ሐሙስ ምሽት

ይህን ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ፤ የምሬን ነው። የእኒያ አባት ሳጥን ካልሲ ውስጥ የገባችው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው እንዳይጠፋ ብሎ ደበቃት።

ሲስተር ቢሮ · ሐሙስ ሌሊት

የገቡ ቀን ኢንቬንተሪ (የንብረት ዝርዝራቸው) ላይ ይጻፍ፦ የግራና የቀኝ፣ ቀለሙ፣ የባትሪ ቁጥሩ። ከዚያ ልክ እንደ መድኃኒት፣ ጠዋት ማን እንዳደረገው ማታ ማን እንዳወለቀው ይፈረም። ፊርማ ካለ «ማታ በ3 ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ ነበር» ማለት ትችላላችሁ። ልብስ ላይ የሚያያዝ ክሊፕና ክርም አለ፤ ለሚያወልቁት ሰዎች ጠቃሚ ነው። አንሶላ ከማንሳታችሁ በፊት ማራገፍ ደግሞ ነፃ ነው።

የማለዳ ሺፍት · ከዘጠኝ ቀን በኋላ

ሰጠሁት! ግማሽ ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ሆነብኝ (ኤፍ685 ብዬ ባላስፈራራ አሥር ይሆን ነበር)።

ንግግሩን ትቼ የፎም የጆሮ መሰኪያ አደልኳቸው። ጥንድ ጥንድ ሆኑ፤ አንዱ ጆሮውን ደፍኖ ይቀመጣል፣ ሌላው ማስክ አድርጎ አፕል ሶስ ያበላዋል። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። በሦስተኛው ማንኪያ አንዲት ልጅ ሳህኑን ገፋችው። «ሳትነግሪኝ አፌ ውስጥ ትጨምሪያለሽ?» ብላ ተቆጣች። የምታበላት ልጅ ደግሞ «ነግሬሻለሁ እኮ! ሁለት ጊዜ ነግሬሻለሁ!» ክፍሉ ጸጥ አለ። የተገፋውን ሳህን እያየሁ «እምቢ አሉ ብዬ ልጻፍ?» አልኩ። ሳቁ ቢያደክማቸውም የገባቸው ያኔ ነው።

ከዚያ ባትሪውን በእጃቸው ሞከሩ። «ቀይ ለቀኝ» ስል ሐበሾቹ ሳቁ፤ ጃማይካዊቷ ትርጉሙን ጠየቀች፣ አሁን እሷም በአማርኛ ነው የምትለው። የሴንት ፖሏን ታሪክ ስሟን ሳልጠራ ነገርኳቸው። አንዱ ወጣት ጎንበስ ብሎ የሚያወራ ዓይነት ነው፤ ሲወጣ «ስንት ሰው በዝምታ አስቀይሜያለሁ ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው፤ እኔም ከዚያው ነኝ።

ያልተሳካው፦ የፊርማው ነገር። ቻርጅ ነርሷ (የሺፍቱ ኃላፊ) «ሌላ ወረቀት አትጨምሩብኝ» አለች። ለጊዜው የእያንዳንዳችን አሳይመንት ሺት (የሥራ ድልድል ወረቀት) ላይ ከስሙ አጠገብ «ጆሮ፦ 2፣ 312» ተብሎ እንዲታተም ብቻ ነው የተስማማነው። የሌሊት ሺፍቱ ስልጠና ገና ነው፤ የአሌክሳንድሪያውን መብራት ለዚያ ይዤዋለሁ።

ጉዞ ላይ · ከአሥር ቀን በኋላ

አሁንም ሰው ይቅጠሩ ነው የምለው። ግን የእኔ ሴትዮ መሳቢያ ውስጥ... እሺ፣ የእሳቸው መሳቢያ ውስጥ አንድ አገኘሁ። ሰማያዊ ነጥብ አለው፤ ቀዩ የለም። ሳጥኑ ላይ 13 ይላል። ብርቱካናማው ነው ያላችሁት?

ባትሪና ብሩሽ · ከአሥር ቀን በኋላ

አዎ፣ ብርቱካናማው። መጀመሪያ ለነርሷ አሳያትና ጆሯቸውን ትይላቸው፤ ስንት ጊዜ ሳይነካ እንደቆየ አይታወቅም። ከላጥክ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ሰማያዊ ግራ ነው።